ዝሆኔ፥ የዘር ምልክትና የእግር አፈር

ጋብቻ በሚታሰብበት ጊዜ የሁለቱ ወገን ሽማግሎች ተቀምጠው ሰባት ቤት መቍጠራቸው፥ የሙሽራውንና የሙሽራዪቱን አያትና ቅድመ አያት መጠየቃቸው በኢትዮጵያ ደጋ አገር የኖረ ልማድ ነው። ሥጋ ዘመድ ከሥጋ ዘመድ እንዳይጋባ የሚደረገው ይህ ጥንቃቄ መልካም ነው። ነገር ግን ቈጠራው በዚህ ሳያበቃ፥ «በዚያ ቤት እግሩ ያበጠ ሰው አለን?» ወደሚል ጥያቄ የሚሻገርበት ጊዜ አለ፤ አለ የተባለ እንደ ሆነም የልጂቱ ወይም የልጁ ነገር በዚያው ይቀራል። ዘር ከልጓም ይስባል የሚለው ተረት የተነገረው በፈረስ ምሳሌ ነው፤ ፍርዱ የሚወድቀው ግን በሰው ላይ ነው።

ሕዝቡ ዝሆኔ በዘር የሚወረድ በሽታ ነው ሲል፥ ከተማሩት ሰዎች ብዙዎቹ ይህን አሳብ ካለማወቅ የመጣ ነው እያሉ ሲነቅፉት ኖረዋል። በ2012 ግን (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሊቃውንት በአንድነት በወላይታ ያደረጉት ምርመራ፥ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በሚባለው በታወቀው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ታትሞ ሲወጣ፥ በሽተኞቹ ከጤነኞቹ ይልቅ አብዝተው የሚሸከሙት የዘር ምልክት መገኘቱ ተገለጠ። እንግዲህ ሽማግሎቹ እውነት ሲናገሩ ኖረዋልን? ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ መልሱም እንደ አመላለሱ ብዙ ቤት ሊያፈርስ፥ ወይም ብዙ እግር ሊያድን ይችላል።

አስቀድሞ በሽታውን ለይቶ ማወቅ ይገባል። ዝሆኔ በሚለው በአንዱ ስም የሚጠሩት ደዌዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ትንኝ በምታስተላልፈው ቀጭን ትል የሚመጣው የቈላው ዝሆኔ ነው። ሁለተኛው ትልም ትንኝም የሌለበት የደጋና የወይና ደጋ ደዌ ነው፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ ስሙም እግርና ትቢያ ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተጣመረ ነው። ይህ ሁለተኛው ከባሕር ወለል ከ1000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ፥ ዝናም በሚበዛበት፥ ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ባለበት አገር፥ ዘመኑን ሁሉ በባዶ እግሩ የሚያርሰውንና የሚመላለሰውን ሰው የሚይዝ ነው። ከዓይን የረቀቁ የማዕድን ብናኞች በእግር ቈዳ ዘልቀው ይገባሉ፤ የሰውነት ዘበኛ የሆኑት ሕዋሳትም ይውጧቸዋል፤ ከዚህም የተነሣ ሊምፍ የተባለው የሰውነት ውሃ የሚመላለስበት ቧንቧ ይቈጣል፥ ይጠብባል፥ በመጨረሻም ይደፈናል። ውሃው መውጫ ባጣ ጊዜ እግር ያብጣል።

ሕመሙ ከእግር ጣትና ከመርገጫ ተነሥቶ ወደ ጕልበት ይወጣል፤ ቈዳው እየወፈረ ይሻክራል፤ በየጊዜውም ትኩሳትና ብርቱ ሥቃይ ያለበት ግርሻ እየተነሣ በሽተኛውን ለብዙ ቀን ከአልጋ ያውለዋል። ቶሎ የሚገድል በሽታ ባለመሆኑ፥ በሆስፒታልም መዝገብ ብዙ ስለማይታይ፥ ከሹማምንት ዓይን ተሰውሮ ኖሯል። በ2013 በመላው ኢትዮጵያ በ659 ወረዳዎች ውስጥ በ1315 ቀበሌዎች ምርመራ በተደረገ ጊዜ ግን፥ ከተመረመሩት 15 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ከ100 አራቱ ይህ ደዌ እንዳለባቸው ታወቀ። ከዚህም ቈጠራ ተነሥተው ሊቃውንት የበሽተኞቹን ቍጥር ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ይገምቱታል። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ከተማ ተሰብስቦ ቢታይ ኖሮ ነገሩ ከብዙ ዘመን በፊት በተመከረበት ነበር፤ በየጐጆው ተበትኖና አፍሮ የተቀመጠ ስለ ሆነ ግን ድምፁ አልተሰማም።

አፈሩ መሆኑን አጥብቆ ያስረዳው እንግሊዛዊው ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ይህ ሰው በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ በሽተኞችን ሲያክም፥ እግራቸው ያበጠውን ሰዎች ነገር ችላ ሳይል ተከታተለ፤ በሽታው በሚገኝበት አገር ሁሉ ቀዩ አፈር መኖሩን አስተዋለ፤ በበሽተኞቹም የንፍፊት ዕጢ ውስጥ የአፈሩን ብናኝ አገኘ። ሊታለፍ የማይገባው ነገር ግን፥ ይኸው ሰው በ1972 በሽታው በአንዳንድ ቤተ ሰብ ላይ እየተደጋገመ መታየቱን ተመልክቶ፥ ከአፈሩ ጋር የዘር ነገር ሳይኖርበት አይቀርም ብሎ መጻፉ ነው። አንዱ ምክንያት ሌላውን ያስወግዳል ብሎ አላሰበም። አፈር ወይስ ዘር እያሉ መከራከር ከእርሱ በኋላ የመጣ ልማድ ነው።

የፕራይስን ግምት በቍጥር ለመመዘን የተሞከረው በ2007 ነው። በወላይታ ደዌው በተከታታይ ትውልድ የታየባቸው 59 ቤተ ሰቦች ተመርምረው፥ የበሽተኛ ወንድም ወይም እኅት የሆነ ሰው ከሌላው ሰው ይልቅ አምስት እጥፍ ያህል ለበሽታው የቀረበ ሆኖ ተገኘ፤ ሰው ከሰው በዚህ በሽታ ከሚለይበት ነገር ውስጥም 63 በመቶ የሚሆነው በዘር እንደሚመጣ ተቈጠረ። ይህን ቍጥር የሰማ ሰው፥ ከ100 በሽተኞች 63ቱን ዘራቸው አሳመማቸው፥ የቀሩትን አፈሩ ብሎ ያስባል። አሳቡ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ብዙ ስለሚጐዳ በቂ ቃል ሊወጣበት ይገባል።

አንድ ገበሬ ያንኑ ዓይነት ጤፍ በአንድ ማሳ፥ በአንድ ዝናም ቢዘራ፥ በአዝመራው መካከል የሚታየው ልዩነት ሁሉ ከዘሩ የመጣ ይመስላል፤ መሬቱ ለሁሉም እኩል ነውና። ግማሹን በጭንጫ ግማሹን በለም መሬት የዘራ እንደ ሆነ ግን፥ ዘሩ ሳይለወጥ የልዩነቱ ዋና ምክንያት መሬቱ ይሆናል። የወላይታው ቍጥር የተገኘውም ሰዎች በአንድ ዓይነት አፈር ላይ በሚኖሩበትና ከልጅነት ጀምሮ ባዶ እግር መሄድ በተለመደበት አገር ነው። አፈሩ ለሁሉም የጋራ በሆነበት ስፍራ ሰውን ከሰው የሚለየው ዘር ይሆናል። የአገሩ ሕዝብ ግማሹ ጫማ ለብሶ ቢያድግ፥ የማንም ደም ሳይለወጥ፥ ያ 63 የተባለው ቍጥር ይለወጥ ነበር። እንግዲህ ቍጥሩ ስለ አንድ ሰው ዕድል የሚናገር አይደለም፤ በአንድ አገር በአንድ ዘመን ስለ ነበረ ሁኔታ የሚናገር ነው እንጂ።

ወደ 2012ቱ ምርመራ ሲመለሱ፥ ሊቃውንቱ 194 በሽተኞችንና 203 ጤነኞችን ወስደው የዘር ጽሕፈታቸውን ከዳር እስከ ዳር አነጻጸሩ፤ ያገኙትንም በሽተኛ ልጅና ሁለቱ ወላጆቹ በሚገኙባቸው 202 ቤተ ሰቦች አረጋገጡ። የዘር ጽሕፈት የተባለው ዲ.ኤን.ኤ. ነው። በእያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስ ውስጥ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ፥ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል ያለው መጽሐፍ እንደ ማለት ነው፤ ዘረ መል ወይም ጂን የሚባለውም የዚህ መጽሐፍ አንዱ አንቀጽ ነው። አንድ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ፊደል እንደሚለዋወጥ፥ ይህም ጽሕፈት ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ በየስፍራው ጥቂት ልዩነት ያገኘዋል። ሊቃውንት ምልክት የሚሉት ይህን ልዩነት ነው። ምልክት ግን የበሽታው ምክንያት ራሱ ላይሆን ይችላል። በዳዊት መጽሐፍ ቅጠል ላይ የሚሰፋው ባለ ቀለም ክር የሚፈለገውን ገጽ ያሳያል እንጂ ንባቡ ራሱ አይደለም፤ የዘር ምልክትም እንዲሁ ምክንያቱ በየትኛው ገጽ አካባቢ እንደሚፈለግ ይጠቍማል።

ክሩ የተገኘው ኤች.ኤል.ኤ. በሚባለው ክፍል ነው። በዚህ ክፍል የሚገኙት ዘረ መሎች ሥራቸው ወደ ሰውነት የገባውን ባዕድ ነገር ቈራርሰው ለነጭ የደም ሕዋሳት የሚያሳዩትን ቅንጣቶች መሥራት ነው፤ በበር ቆሞ እንግዳውን ለጌታው እንደሚያስታውቅ እልፍኝ አስከልካይ ናቸው። የአንዱ ሰው እልፍኝ አስከልካይ ያን የአፈር ብናኝ ዐይቶ ዝም ይላል፤ የሌላው ግን አብዝቶ ይጮኻል፤ ጦሩም በከንቱ ይነሣል፥ ቧንቧውም በቍጣው ይጐዳል። እንደዚህ ከታሰበ በሽታው የሰውነት ድካም ሳይሆን የሰውነት ጥበቃ ከመጠን ማለፍ ነው። ይህ የዘር ክፍል በአንድ ሕዝብ ብቻ የተወሰነ አለመሆኑም በ2021 በሦስት የኢትዮጵያ ሕዝቦች ላይ በተደረገው ምርመራ ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ነገሩን የአንድ ብሔር ወይም የአንድ ጐሣ ነውር አድርጎ መናገር ከዕውቀትም ከጨዋነትም የራቀ ነው።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት፥ ይህን ምልክት ተሸክመው እግራቸው ጤነኛ የሆነ ሰዎች መኖራቸው፥ ምልክቱ ሳይኖራቸውም የታመሙ መኖራቸው ነው። ምልክቱ ዕድሉን ከፍ ያደርጋል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። በእርግጥ ፍርድ የሚሰጡ ዘረ መሎች አሉ። የቀይ ደም ሕዋስን እንደ ማጭድ የሚያጐብጠው በሽታ ከአንዲት ፊደል መለወጥ የሚመጣ ሲሆን፥ ያችን የተለወጠች ፊደል ከአባቱም ከእናቱም የወረሰ ልጅ በየትኛውም አገር ቢያድግ፥ ጫማ ቢለብስ ባይለብስ በሽታው አብሮት ይወለዳል። ዝሆኔን ከዚህ ጋር አንድ አድርጎ መቍጠር በሁለቱም በሽተኞች ላይ ግፍ መሥራት ነው።

ዝሆኔን ይበልጥ የሚመስለው ምሳሌ የሚገኘው ከእርሻ ሳይሆን ከፋብሪካ ነው። ቤሪሊየም የሚባል ቀላልና ጠንካራ ብረት አለ፤ በአሜሪካ ለአቶሚክ መሣሪያና ለአውሮፕላን ሥራ ይጠቀሙበታል። ትቢያውን ከሚተነፍሱት ሠራተኞች አንዳንዶቹ ሳምባቸው ይታመማል። በ1993 በወጣው ምርመራ፥ በዚያው በኤች.ኤል.ኤ. ክፍል የሚገኝ አንድ ምልክት ከታመሙት ከ100 በ97ቱ ላይ ተገኘ፤ ነገር ግን በዚያው ትቢያ ውስጥ ሠርተው ካልታመሙት ከ100 በ30ዎቹ ላይም ተገኘ። ታዲያ ባለ ፋብሪካው ምን ያድርግ? ምልክት ያለበትን ሠራተኛ ያሰናብት ወይስ አየሩን ያጥራ? የመጀመሪያው መንገድ ለባለ ገንዘቡ ርካሽ ነው፤ ጤነኛ የሆነውንና ከቶም የማይታመመውን ብዙ ሰው ግን ከእንጀራው ይለያል፤ ትቢያውም እንዳለ ይቀራል። አሜሪካኖች በ2008 ባወጡት ሕግ አሠሪና የጤና መድን ድርጅት የሰውን የዘር ምርመራ ውጤት በእርሱ ላይ ፍርድ እንዳያደርጉት ከለከሉ። በጋብቻ ሸንጎ የሚቀመጡት ሽማግሎች ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ እነርሱም ሰውን አሰናብተው ትቢያውን ይተዉታል።

ትቢያው ቢወገድ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ግምት አያስፈልግም፤ ታሪክ አሳይቷልና። በሰሜን አፍሪቃ በአልጀርያ፥ በቱኒዝያና በሞሮኮ፥ ደግሞም በካናሪ ደሴቶች ይህ በሽታ ቀድሞ ነበረ፤ ዛሬ የለም። የእነዚያ አገሮች ሰዎች ደማቸውን አልለወጡም፤ ጋብቻም ስለ ተከለከሉ አልዳኑም። ጫማ መልበስ ልማድ ሆነላቸው፥ በዚያው በሽታው ጠፋ። የአያቶቻቸው ምልክት ዛሬም በልጆቻቸው ውስጥ ቢፈለግ አይገርምም፤ ነገር ግን ማንም አይፈልገውም፥ የሚያሳምመው የለምና።

የኢትዮጵያን በሽተኞች በተመለከተ፥ ከእግራቸው ሕመም ይልቅ የሰው ዓይን የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው። ከማኅበር ይቀራሉ፥ ከገበያ ይሸሻሉ፥ ከቤተ ክርስቲያንም ዳር ይቆማሉ። የዘር ምርመራው ሲጀመር ሊቃውንቱን ያሳሰባቸው ይኸው ነበር፤ በ2009 በታተመ ጥናታቸው እንደ ገለጡት፥ በምርመራው መካፈል ቤተ ሰቡን በይፋ የበሽታ ዘር አድርጎ እንዳያስቈጥር የሚል ስጋት በሕዝቡ መካከል ነበረ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። አንድ ሰው ደሙን ለጥበብ ሲሰጥ የወንድሙንና የልጁን ምስጢር ጭምር ይሰጣል፤ ዘር የአንድ ሰው ብቻ ንብረት አይደለምና። የምርመራው ወረቀት በማን እጅ እንደሚቀመጥ፥ ማንስ ሊያየው እንደሚችል አስቀድሞ ሳይወሰን ለማንኛውም የዘር ምርመራ ፈቃድ መስጠት ለሹማምንት ቸልታ ይሆንባቸዋል። ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚደረገው ምርመራ ነገ በርካሽ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ሽማግሌው «እግሩ ያበጠ አለን?» ማለቱን ትቶ «ወረቀቱን አምጡ» ቢል፥ ጥበብ ለአሮጌው በደል አዲስ ማኅተም ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ስፍራ ካህናት ከማንም የበለጠ ሥልጣን አላቸው፤ ብዙ ጋብቻ የሚጸናው በእነርሱ ፊት ነውና፤ ምእመኑም ከሐኪሙ ይልቅ የነፍስ አባቱን ይሰማል። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት ያቀረቡትን ጥያቄ፥ የተሰጣቸውንም መልስ ካህናት ያውቁታል፤ በሽታን በወላጅ ኃጢአት መተርጐም በዚያ ቀን ተዘግቷል። ለጠበል የሚመጣውን በሽተኛ እግሩን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ዕለት ዕለት ታጠብ፥ አድርቅ፥ ቅባት ቀባ፥ ጫማህንም አድርግ ብሎ መምከር የእምነቱን ውሃ አይቃወምም። ደግሞም በመቅደስ ደጃፍ ጫማ ማውለቅ የበሽታው ምንጭ አለመሆኑን ማስረዳት ይገባል፤ እግርን የሚጐዳው በእርሻና በመንገድ ላይ ዓመት ሙሉ የሚረገጠው ቀይ አፈር ነው። አንዳንዱ ካህን ራሱ ሳምንቱን በባዶ እግሩ ሲያርስ ሰንብቶ ለቅዳሴ ጫማ ለብሶ ይመጣል፤ የሚሻለው ግን በእርሻውም ላይ ቢለብሰው ነበር።

የሹማምንት ድርሻ ጫማው ነው፤ ይህም ሲነገር ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ለማን ይሰጥ የሚለው ነው። ዘሩ የቀረበው ልጅ ይበልጥ ስለሚያስፈልገው፥ በሽተኛ ያለበትን ቤት መርጦ ለልጆቹ ጫማ ማደል ለገንዘብ ያዥ ትክክለኛ ስሌት ይመስለዋል። ነገር ግን በአንድ ትምህርት ቤት አሥር ልጆች ብቻ ከመንግሥት ጫማ ቢቀበሉ፥ ቀበሌው ሁሉ የእነማን ልጆች እንደ ሆኑ በዚያው ቀን ያውቃል፤ ጫማው ራሱ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ቀይ አፈር ባለበት ወረዳ ለትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ መስጠት፥ ወጪው ቢበዛም፥ የተሻለ ነው። ሁለተኛው ችግር፥ ገበሬው ጫማውን ለገበያና ለክብረ በዓል አቈይቶ፥ ጭቃ እንዳያበላሽበት ለእርሻ ማውለቁ ነው። አፈሩ ግን የሚገባው በዚያን ጊዜ ነው። ለእርሻ የሚሆን፥ በርካሽ የሚገኝ፥ ጭቃ የማይዘው ጫማ በአገር ውስጥ ተሠርቶ በገጠር ገበያ እስካልተሸጠ ድረስ ስብከቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ውሃም እንዲሁ፤ ውሃ ለመቅዳት ረጅም መንገድ የምትሄድ ሴት እግርሽን ዕለት ዕለት ታጠቢ ብትባል ምን ትመልሳለች?

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚል ሰው፥ በወላይታ ብቻ የተደረገ አንድ የቈየ ምርመራ መልስ ይሰጠዋል፤ በዚያ አገር በሽታው በየዓመቱ የሚያደርሰው ኪሣራ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደ ነበረ፥ በሽተኛውም ከሥራ ቀኑ ግማሽ ያህሉን እንደሚያጣ በ2006 ተጽፏል። ለታመሙት ስለሚደረገው እርዳታ ደግሞ፥ በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ በሽተኞች ላይ ተፈትኖ በ2018 በወጣው ውጤት፥ እግራቸውን በሳሙናና በመድኃኒት ውሃ እያጠቡ፥ ቅባትና ጫማ እያደረጉ የተረዱት ሰዎች፥ የሚያስተኛቸው ግርሻ ካልተረዱት በአምስት እጅ አንዱን ያህል ቀንሶላቸዋል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን አራቱ እጅ አሁንም ቀርቷል፤ አንዴ የተደፈነው ቧንቧ በሳሙና አይከፈትም። ያን ሸክም ገና ያልተሸከሙት በቀይ አፈር ላይ የሚሯሯጡት ልጆች ናቸው፤ ከእነርሱ ማንኛው ምልክቱን እንደ ወረሰ በዓይን ማወቅ አይቻልም፥ እግራቸው ባዶ መሆኑን ግን የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያያል።